የጎባር ሳቅና የሆሪ ዕዳ

በሂንዲ ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛ ሥፍራ ከያዙት ልብ ወለዶች አንዱ የፕሬምቻንድ «ጎዳን» ነው። ትርጓሜው «የላም ስጦታ» ማለት ሲሆን የታተመው ደራሲው ባረፈበት በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት በላክናው የተካሄደውን የሕንድ ተራማጅ ደራስያን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመራውም እርሱ ነበር። ስለዚህ አንባቢ የገበሬውን የሆሪን ልጅ፣ ወጣቱን ጎባርን፣ እንከን የሌለበት ጀግና አድርጎ ቢጠብቀው አያስደንቅም። መጽሐፉ ግን እንዲህ ያለ ቀላል ፍርድ አይሰጥም።

ጎባር አባቱ ለባለ ርስቱ ደጅ መጥናቱን አጥብቆ ይጠላል። ከከተማ በተመለሰበት የሆሊ በዓል፣ የ10 ሩፒ ውል አስፈርሞ በልዩ ልዩ ሰበብ 5 ብቻ የሚሰጠውን አራጣ አበዳሪ በጨዋታ አስመስሎ መንደሩን ያስቃል። ብራህማኑ ዳታዲን 30 ሩፒ አበድሮ 200 ሲጠይቅም ወለዱን በሕጉ አስልቶ ከ70 አናስበልጥም ይላል። ሆሪ ግን የብራህማኑን እርግማን ፈርቶ ሙሉውን ለመክፈል ቃል ይገባል። የብዝበዛው ማሰሪያ ውል ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም እንደሆነ ይህ ትዕይንት ያለ አንዳች ስብከት ያሳያል።

የደራሲው ብርታት የዐመፀኛውንም ጉድፍ አለመሸፈኑ ነው። ጎባር በላክናው ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር እርሱም በወለድ ያበድራል። ቀደም ሲልም ያስረገዛትን ጁኒያን በወላጆቹ ደጅ ጥሎ ኮብልሏል። የመንደሩ ሸንጎ 100 ሩፒና እህል የቀጣው ሆሪን ነው፤ ሸንጎውን ፊት ለፊት የተናገረችው እናቱ ዳኒያ ናት። እንግዲህ ጽኑው ተቃውሞ የተገኘው ከተሸሸበት ከተማ ሳይሆን ከምድጃው አጠገብ ነው።

ጉድለት አይታጣም። የከተማ መኳንንትና ምሁራን ክርክር ገጾችን ሲያጣብብ፣ ጎባር ክፉኛ የተደበደበበት የስኳር ፋብሪካ የሥራ ማቆም አድማ ግን በጥድፊያ ይታለፋል። ወጣቱ ከብቸኛ ቁጣ ወደ ጋራ ትግል የተሸጋገረበት መንገድ ሰፋ ብሎ ሊታይ ይገባው ነበር።

መደምደሚያው ይህን ጉድለት ይክሳል። ሆሪ በቀን ሥራ ደክሞ ይሞታል፤ ዳኒያም ገመድ ሸጣ ያገኘችውን 20 አና በላም ፈንታ ለብራህማኑ ትሰጣለች። የጎባር ሳቅ እውነት ነበር፤ ዕዳውን ግን አልሰረዘም። ገጸ ባሕርያቱን ከመፈክር በላይ ያቆየው ይህ ጭካኔ የተሞላበት ሐቀኝነት ነው።