ከሜዳሊያው በኋላ
«ኢንዱራንስ» እና «አትሌቱ»፦ ሁለት ፊልሞች፣ አንድ ጥያቄ

በጨፋ ሮቢት የወጣቶች ሕብረታችን በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች ሁለት ፊልሞች አይተን ተወያየን። ሁለቱም በአገራችን ሯጮች እውነተኛ ሕይወት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የመጀመሪያው ሲያልቅ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድም ግን፣ «ባያሸንፍ ኖሮ ፊልም ይሠሩለት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ወንድም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እርሱ ከቀሩት አንዱ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በቀልድ ልናልፈው አልቻልንም።

የመጀመሪያው ፊልም በ1991 ዓ.ም. ለእይታ የበቃውና ሌስሊ ውድሄድ ያዘጋጀው «ኢንዱራንስ» ነው፤ ትርጉሙ ጽናት ማለት ነው። ታሪኩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይተውናል፤ የልጅነቱን ክፍል ደግሞ የቤተሰቡ አባላት ይጫወቱታል። የፊልሙ ትልቁ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው። አርሲ ውስጥ ውኃ የሚቀዳው፣ ከብት የሚነዳው፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ ተዋናይ አይመስልም። ንግግር ትንሽ ነው፤ እናት ስትሞት እንኳ ብዙ ቃል የለም። ከጨፋ ሜዳ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን ዝምታ ያውቀዋል። አባት ልጁ አራሽ እንዲሆን ሲፈልግና ልጁ ሲሮጥ የሚፈጠረው ቅራኔም በጨዋነት ቀርቧል፤ አባትየው ክፉ ሰው ተደርጎ አልተሣለም።

ፊልሙ የሚያርፈው አትላንታ ላይ፣ በሐምሌ 1988 ዓ.ም. በተደረገው የ10,000 ሜትር ውድድር ነው። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ7.34 ሰከንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ8.17 ሰከንድ። ልዩነቱ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ወንድማችን የጠየቀው ይህንኑ ነው። ቴርጋትም ለፍቷል፤ ከ4 ዓመት በኋላም ሲድኒ ላይ በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ዳግመኛ ሁለተኛ ወጥቷል። «የለፋ ያሸንፋል» የሚለው ትምህርት ለእርሱ ምን ይለዋል? «ኢንዱራንስ» መልስ የለውም። መከራው ሁሉ ወደ ሜዳሊያው የሚያደርስ መንገድ ተደርጎ ስለ ተቀረጸ፣ ሜዳሊያው ቢቀር መከራው ትርጉም ያጣል።

ሁለተኛው፣ ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል በ2001 ዓ.ም. ያወጡት «አትሌቱ»፣ ሌላው ፊልም ባቆመበት ይጀምራል። አበበ ቢቂላን ራሱ ላቀው ይጫወተዋል። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ አሸንፏል፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በስድስት ሳምንት ገደማ በቶኪዮ ደግሟል። ፊልሙ እነዚህን ድሎች በቆዩ የኦሎምፒክ ምስሎች እያስታወሰ ያልፋል። ዋናው ነገር በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ የደረሰው የመኪና አደጋ ነው። በዓለም ፊት ሁለት ጊዜ በማራቶን ያሸነፉት እግሮች ከዚያ ወዲያ አልቆሙም። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ ጀግና ስናይ፣ በዚያ ምሽት ማንም አላጨበጨበም።

«አትሌቱ» ጉድለት አለበት። አካሄዱ ዘገምተኛ ነው፤ በመንገድ ላይ ከቄሱ ጋር የሚደረገው ዓይነት ጭውውት አንዳንዱን ተመልካች ያሰለቻል። የድሮ ምስልና አዲስ ትወና ሲቀላቀሉም የትኛው እውነተኛ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ ግን ፊልሙ በድፍረቱ እስከ መጨረሻው አልጸናም። አበበ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ ማሸነፉ እውነት ነው፤ ፊልሙም ወደዚያ ይወስደናል። ሜዳሊያ ያልሆነን ሕይወት ሊያሳየን ጀምሮ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ድል ፈልጎ ሄደ።

ይህን ስል በፊልም ሠሪዎች ብቻ አልፈርድም፤ እኛም እንዲሁ ነን። በምስክርነት ሰዓታችን ማይክ የሚይዘው ማን ነው? ሥራ ያገኘው፣ የተፈወሰው፣ ፈተና ያለፈው። ገና የሚጠብቅ ሰው ተነሥቶ «ዛሬም አልመጣልኝም፤ ግን ጌታን አልተውኩም» ሲል ስንቶቻችን ሰምተናል? ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን በዚህ ዓይን አንብቡት። በአንዱ ምዕራፍ ውስጥ በእምነት ከሰይፍ ያመለጡም፣ በዚያው እምነት በሰይፍ የሞቱም አሉ። ጸሐፊው ሁለተኞቹን እንደ ተሸናፊ አልቆጠራቸውም፤ ሩጫችንን በጽናት እንድንሮጥ የሚመክረን ሁለቱንም ወገን ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እንግዲህ የትኛውን እዩ ልበል? ሁለቱንም፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። «ኢንዱራንስ» ማልዶ ለመነሣት ጉልበት ይሰጣል፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። በሥራው የተሻለው ፊልም ግን «አትሌቱ» ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ጽናትን ከውጤት ነጥሎ ለማየት ቢያንስ ሞክሯል። ኃይሌ የተወለደው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ያረፈው በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በ41 ዓመቱ። አንዱ ሩጫውን ሊጀምር ሲመጣ ሌላው ጨርሶ ሄደ።

ወንድማችን በሁለተኛው ቅዳሜ ምንም አልጠየቀም። ወንበሮቹን ስናነሣ ቀርቦ፣ «የሚቀጥለው ጊዜ ምስክርነት እኔም ልስጥ?» አለኝ። እስካሁን የሰማሁት ትልቁ የፊልም ሂስ ይህ ነው። ስሙን ጻፍኩት፤ ተራው በሚመጣው ወር ነው።