የጸጥታው ጎታች፦ በዶቢኚ የወንዝ ዳርቻ ኅትመቶች ላይ አጭር ሂስ

ጸጥ ያለ የወንዝ ዳርቻ በሥዕል ሲቀርብልን ውበቱን አድንቀን እናልፋለን፤ ጸጥታውን የሚያየው ማን እንደሆነና ከየት ሆኖ እንደሚያየው እምብዛም አንጠይቅም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ፍራንስዋ ዶቢኚ (1817–1878) እ.ኤ.አ. በ1862 ያሳተመው «ጉዞ በጀልባ» የተሰኘ ስብስብ ይህን ጥያቄ ያነሣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስብስቡ ለጥያቄው የሚሰጠውን መልስ መመርመር ነው።

ዶቢኚ እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ «ቦቲን» በተባለች፣ ክፍል በተሠራላት ጀልባ በሴንና በዋዝ ወንዞች ላይ እየተጓዘ ይሥል ነበር። በዘይት ቀለም ሥራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከጀልባዋ ሆኖ ያየው ውሃና ዛፍ ነው እንጂ ጀልባዋ ራሷ አይደለችም። ስብስቡ ግን ከሽፋኑ ጋር በ16 ኅትመቶች ፊቱን ወደ ጀልባዋ ያዞራል። ስልቱ ኤቺንግ ነው፤ በሰም በተሸፈነ የመዳብ ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይጫራል፤ አሲድ የተጫረውን ይበላል፤ ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶ ይታተማል። መርፌው በሰሙ ላይ እንደ ብዕር ስለሚሮጥ ለፈጣን ንድፍ የተመቸ ስልት ነው።

«የጀልባ ስቱዲዮ» በተባለው ኅትመት ሠዓሊው በጠባቧ ክፍል ተቀምጦ ይሥላል፤ ወንዙ በመክፈቻዋ በኩል ይታያል። «እውነታዊነት» የሚል ቃልም በውስጧ ተጽፎ ይነበባል። በሥነ ጽሑፍ አነጋገር፣ መቼቱ ከነአንጻሩ ቀርቧል ማለት ነው። በሌላ ኅትመት የእንፋሎት መርከቦች ትንሿን ጀልባ ያናውጧታል፤ ወንዙ የሠዓሊ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ መጓጓዣ መንገድም እንደነበር እንረዳለን። ከሁሉ የሚልቀው ግን የመርከበኛው ልጅ ጀልባዋን በገመድ ሲጎትት የሚያሳየው ነው። በጉዞዎቹ ላይ ይህን አገልግሎት ይሰጥ የነበረው የሠዓሊው ልጅ ካርል ነው። ያው ዳርቻ ለተቀማጩ ትዕይንት፣ ለጎታቹ የሥራ ቦታ ሆኖ ይገኛል።

ንድፎቹ ወዳጅ ዘመድን ለማዝናናት የተጀመሩ ቀልዶች ስለሆኑ ይህን ያህል ትርጉም አይሸከሙም የሚል ሊኖር ይችላል። በእኔ እምነት ግን በትልልቁ ሸራ ላይ ቦታ ያጣው ድካም እዚህ የገባው በቀልድ በኩል በመሆኑ ነው። የስብስቡ ድክመትም ከዚሁ ይመነጫል፤ ቀልዱ የልጁን ልፋት ባሳየበት እጁ መልሶ ያቀልለዋል። ስቀን እናልፋለን፤ ገመዱ ምን ያህል እንደሚከብድ አይሰማንም።

ቢሆንም ስብስቡ ለሃያሲ የሚተወው ትምህርት አለ። በልቦለድም ሆነ በግጥም የተረጋጋ ወንዝ ሲገለጽ፣ የገለጻውን ውበት ከመመዘን ጋር ገመዱ በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።