በሁለቱ ቁጥሮች መሀል

የገመድ አልባ ኢንተርኔቱ ሬዲዮ ሁለት የሲግናል ቁጥር ያሳያል፤ -58 እና -71። አንዱ የአግድሙ ሞገድ ነው፣ ሌላው የቁሙ። ሁለቱም በአንድ ዲሽ፣ ከአንድ ምሰሶ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ተቀራርበው መምጣት አለባቸው። የሁለት የሦስት ዲሲቤል ልዩነት ማንንም አያስጨንቅም። 13 ዲሲቤል ግን ሃያ እጥፍ ነው፤ በደካማው መንገድ የሚደርሰው ኃይል የሌላው ሃያኛ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ደንበኛው ይህን አያይም። እሱ የሚያየው ቪዲዮው ደጋግሞ መቆሙን ነው።

አዳማ ላይ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው መሰላል ከማቆሙ በፊት ቁጥሮቹን ያነባል። ሞገዱን ከሚልከው ከዚያው ማማ የሚቀበሉት የሌሎች ደንበኞች ቁጥሮች እንዴት ናቸው? እነሱ እኩል ከሆኑ ማማው ነጻ ወጣ። ቀጥሎ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የወረዱት አብረው ነው ወይስ አንዱ ብቻውን? አብረው ከወረዱ ዲሹ ሳይዞር አልቀረም። የአዳማ ነፋስ በመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ በሁለተኛው 102 ተርባይን የተተከለለት ነፋስ ነው፤ ብሎኑ የላላ ባለ 60 ሴንቲሜትር ዲሽ ማዞር አያቅተውም። በ5.8 ጊጋኸርዝ የዚህ ዲሽ ጨረር ስፋቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ትንሿ መዞር ትበቃለች። አንዱ ብቻውን ከወረደ ግን ጥርጣሬው መጀመሪያ ወደ ገመድና ወደ ኮኔክተር ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ከዲሹ ዋና ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ የጎን ጨረሮች አሉ፤ ቅርጻቸውም ለአግድሙና ለቁሙ ሞገድ አንድ አይደለም። ዲሹን ሲያዞር የመጀመሪያውን ጭማሪ ባገኘበት ቦታ ብሎኑን ያጠበቀ ሰው፣ በጎን ጨረር ላይ አስሮት ሊሆን ይችላል። ኮኔክተሩም ገመዱም ደህና ሆነው ቁጥሮቹ የሚለያዩት ያኔ ነው። ጥሩ እጅ ጭማሪ ሲያገኝ አይቆምም። ከታች ስልኩን ይዞ የሚያነበው ጓደኛው «ወጣ… ወጣ… ወረደ… እለፈው!» ይለዋል። ያልፈዋል። ሌላ ጭማሪ መኖር አለመኖሩን አይቶ፣ ትልቁን ለይቶ ይመለሳል። ከግራ ወደ ቀኝ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ከላይ ወደ ታች።

አቅጣጫው ትክክል ከሆነ መለዋወጥ ይቀራል። መለኪያ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እኔም የምወደው ለዚህ ነው። መብራቱን አጥፍቶ፣ ሬዲዮው ላይ ያሉትን ሁለት ገመዶች ፈትቶ፣ አንዱን በሌላው ቦታ ያስራል። ድክመቱ በቦታው ከቀረ ጥፋቱ የሬዲዮው ነው። ከገመዱ ጋር ወደ ሌላው ቁጥር ከዞረ ከገመዱ ወደ ላይ ነው። ከዚያ እላይ፣ ዲሹ ጫፍ ላይ፣ ያንኑ ይደግማል፤ ገመዱና አንቴናው በዚህ ይለያያሉ።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኮኔክተሩ ላይ ነው። ኤን-ታይፕ የሚባለው፣ ከአውራ ጣት የማይወፍር፣ ጥርስ ያለው ቀለበት፣ መሀሉ ላይ ቀጭን ፒን። ሲከፈት ፒኑ ወርቃማ መሆን ነበረበት፤ ጠቁሯል። ከኋላው ያለው የሽቦ ጥልፍልፍ አረንጓዴ ሆኗል። የክረምት ውሃ በጥርሱ ገብቶ በጥልፍልፉ እየተሳበ ገመዱ ውስጥ ዘልቋል። እንዲህ ያለ ገመድ አይደርቅም፤ ደህናው እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፣ አዲስ ኮኔክተር ይገባል።

የባለሙያው ልክ የሚታየው ግን አስተሻሸጉ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ስስ ዙር ናስትሮ፤ ሌላ ቀን የሚፈታው ሰው ኮኔክተሩን ንጹሕ ሆኖ እንዲያገኘው። በላዩ ሲለጠጥ እርስ በርሱ የሚዋሃደው የጎማ ቴፕ፣ ርዝመቱ እጥፍ እስኪሆን ተስቦ። በመጨረሻ እንደገና ናስትሮ፣ እንደ ሣር ቤት ክዳን ከታች ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ ሸፍኖ። የመጨረሻው ዙር አይሳብም፤ ጫፉም በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይበጠስም። ተስቦ የተበጠሰ ጫፍ በፀሐይ ተመልሶ ይላቀቃል። ገመዱ ደግሞ ከኮኔክተሩ ዝቅ ብሎ ተቀልብሶ ይወጣል፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል።

ባቱ አካባቢ፣ የዝዋይ ሐይቅን አቋርጦ በሚያልፍ መስመር ላይ፣ ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቁጥሮቹ ሊለያዩ ይችላሉ። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መስታወት ነው። ከማዶ የሚመጣው ሞገድ አንዱ ቀጥታ፣ ሌላው ከውሃው ነጥሮ ይደርሳል። ሁለቱ ሲጣሉ አግድሙ ይበልጥ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ውሃ አግድሙን ሞገድ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይመልሳል፤ ከቁሙ ግን ጥቂት ያስቀራል። የአየሩ ጠባይ ከጧት እስከ ማታ ሲለዋወጥም ልዩነቱ አብሮ ይለዋወጣል። እዚህ ናስትሮ አይረዳም። የሚረዳው ከፍታ ነው፤ የማዶው ማማ 40 ሜትር፣ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ዲሹን በምሰሶው ላይ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሁለቱን ሞገዶች ከጠብ ወደ ስምምነት ያመጣቸዋል።