የመሣሪያ መግለጫዎች ለማን ተጻፉ?

ፈተና አውጥቶ የሚያውቅ መምህር ሁሉ ይህ ሳይገጥመው አልቀረም። ጥያቄው ለአውጪው ግልጽ ነው፤ ትምህርቱን ያስተማረው እርሱ ነውና። ወረቀቱ ከተማሪው እጅ ሲገባ ግን ግማሹ ክፍል ያልተጠየቀውን ይመልሳል። በፈተና አዳራሽ ውስጥ እንኳ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ ሂስ የምናቀርብበት ጽሑፍ አንባቢ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ፣ በገባው መጠን ወደ ሥራ የሚሰማራ ነው።

እንደሚታወቀው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ጥያቄ ከመመለስ አልፈው በኮምፒዩተር ላይ ሥራ የሚያከናውኑ ኤጀንቶች ሆነዋል። ኤጀንቱ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ውስጣዊ አሠራር አያይም። የሚቀርብለት የመሣሪያው ስም፣ የጥቂት ዐረፍተ ነገሮች መግለጫና ሊሞላቸው የሚገቡ ግብአቶች ዝርዝር ነው። ይህን አቀራረብ አንድ ወጥ ለማድረግ አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘውን ደንብ ይፋ ሲያደርግ፣ ለአርአያነት የተዘጋጁ ፕሮግራሞችም አብረው ወጡ። ከእነዚህ አንዱ ፋይሎችን የሚያነብ፣ የሚጽፍና የሚያዘዋውር ነው። አርአያ የተባለ ነገር መቀዳቱ ስለማይቀር፣ ቀደም ሲል የወጡትን የዚህን ፕሮግራም መግለጫዎች መርምረናል።

ደኅናውን እናስቀድም። ፋይል የሚያዘዋውረው መሣሪያ መግለጫ፣ በመድረሻው ቦታ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ካለ ሥራው እንደማይሳካ ይናገራል። ፎልደር የሚፈጥረውም፣ ፎልደሩ ቀድሞ ካለ ምንም ሳይል እንደሚያልፍ ያስታውቃል። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ነገር ግን «እንዲህ ቢሆንስ?» ለሚል አንባቢ ቀድመው መልስ ሰጥተዋል።

ፋይል የሚጽፈው መሣሪያ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። የነበረውን ፋይል ያለ ማስጠንቀቂያ ደምስሶ በላዩ እንደሚጽፍ አልደበቀም፤ ይህ ያስመሰግነዋል። ምክሩ ግን «በጥንቃቄ ተጠቀም» ከማለት አያልፍም። ጥንቃቄው ምን ማድረግ ነው? ፋይሉ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ማየት ነውን? ባለቤቱን መጠየቅ ነውን? ወይስ በሌላ ስም መጻፍ? እኛ መምህራን በላቦራቶሪ ውስጥ «አሲዱን በጥንቃቄ ያዙ» ብለን ብንወጣ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ ስንላቸው ነው ተማሪዎቻችን የሚያደርጉትን የሚያውቁት። አንድ ርእሰ መምህር የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ውጤት እንዲመዘግብ ኤጀንቱን ቢያዘው፣ የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ውጤትም በዚያው ስም ተቀምጦ ቢገኝ፣ የአንድ ክፍል ልጆች የወራት ድካም በአንድ ዐረፍተ ነገር ጉድለት ሊጠፋ ይችላል።

የሚፈልገው መሣሪያ ደግሞ ስሙ ያሳስታል። «ፋይሎችን ፈልግ» ሲባል በፋይሎቹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ የሚመረምር ይመስላል፤ የሚያየው ግን ስማቸውን ብቻ ነው። መግለጫው የስሙ ከፊል ቢመሳሰል እንደሚበቃ ይናገራል፤ ይዘቱን እንደማይመለከት አይናገርም። ኤጀንቱ በዚህ መሣሪያ የአንድ ተማሪ ስም ፈልጎ ቢያጣ፣ ልጁ አልተመዘገበም ብሎ ሊመልስ ይችላል። የተደመሰሰ ፋይል ውሎ አድሮ ይታወቃል። እንዲህ ያለው መልስ ግን እውነት መስሎ ስለሚያልፍ፣ ለእኛ የበለጠ የሚያሳስበን ይኸኛው ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አግኝተናል። ፋይል የሚያርመው መሣሪያ ለውጡን ሳይፈጽም አስቀድሞ ለማሳየት ይችላል። ለሰዎች በተዘጋጀው የፕሮግራሙ ማስረጃ ላይ ሁልጊዜ በቅድሚያ ይህንኑ ማድረግ እንደሚሻል ተመክሯል። ኤጀንቱ በሚያነበው መግለጫ ላይ ግን ምክሩ የለም፤ ችሎታው ከግብአቶቹ መካከል ተሰንቅሮ ይገኛል፤ ካልታዘዘም አይሠራም። ምክሩ ለተመልካቹ ተነግሮ ለሠራተኛው ሳይነገር ቀርቷል ማለት ነው።

ሞዴሎቹ እየተሻሻሉ ሲሄዱ ጉድለቱን ራሳቸው ይሞሉታል የሚሉ አሉ። ጎበዝ ተማሪ የመምህሩን ሐሳብ እንደሚገምት አንክድም። ነገር ግን መሣሪያው የፋይሉን ይዘት ያያል ወይስ አያይም የሚለው በግምት የሚገኝ ሳይሆን የሚነገር ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ መግለጫ እንዴት ይመዘን? ጸሐፊው አንብቦት ቢረካ ምንም አያረጋግጥም። ተመሳሳይ ሥራዎችን ለኤጀንቱ ደጋግሞ መስጠት፣ ስንት ጊዜ የተሳሳተ መሣሪያ እንደመረጠና ስንት ጊዜ ግብአቱን አዛብቶ እንደሞላ መቁጠር፣ ከዚያም አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ለውጦ እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል። መደጋገሙ የግድ ነው፤ ሞዴሉ አንድን ሥራ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ አይሠራምና። ፈተናችንን ካረምን በኋላ ብዙዎች የሳቱትን ጥያቄ ለይተን እንደምንመረምረው መሆኑ ነው፤ ምንም እንኳ ሁላችንም ይህን እናደርጋለን ብለን ባንምል።

ሁሉም ነገር ይጻፍ ማለታችንም አይደለም። መግለጫዎቹ ከሥራው ትእዛዝ ጋር አብረው ለሞዴሉ ስለሚቀርቡ ቦታ ይይዛሉ፤ ሲበዙም ዋናውን ይሸፍናሉ። ይሁን እንጂ ፋይል የሚያነበው መሣሪያ ልዩ ልዩ የጽሑፍ ኮድ ዓይነቶችን እንደሚችልና ዝርዝር የስሕተት መልእክት እንደሚሰጥ የሚያወራበት ዐረፍተ ነገር አለው። ይህ ለገዢ የሚነገር የዕቃ ሙገሳ ነው፤ ኤጀንቱ በእርሱ ምክንያት የሚለውጠው ውሳኔ አይታየንም። እርሱ ወጥቶ በፍለጋው መሣሪያ ላይ «የፋይሉን ስም እንጂ ይዘቱን አይፈልግም» የሚል ቢገባ፣ ጠቅላላው ርዝመት እንዲያውም ያጥራል።