መንገዱና ውሃው፤ ከደብረ ታቦር እስከ ፎገራ በድርሰቶቻችን ያልጎላው ድካም

ስለ ደብረ ታቦር የተጻፈው ሥነ ጽሑፍ በአመዛኙ የአንድ ሰው ሥነ ጽሑፍ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» ከርዕሳቸው ጀምሮ ይህንኑ ያመለክታሉ። የንጉሡን ራእይና ብቸኝነት ለትውልድ ማቆየታቸው የማይካድ ውለታ ነው። ሆኖም በእነርሱ ፈለግ የሚጓዝ ደራሲ አንድ አደጋ ያጋጥመዋል፤ ሥራን በአዛዡ እንጂ በሠሪው ዓይን አለማየት።

ለዚህ ሴባስቶፖል ምሳሌ ይሆናል። በጋፋት የተሠራው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በተአምር አልነበረም። ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጅቷል። በመድረክ መድፉ ብቻ ጎልቶ ከታየ መንገዱ ከመጋረጃ በስተጀርባ ይቀራል።

ከደጋው ወደ ፎገራ ሜዳ ለሚወርድ ደራሲ ጥያቄው ይብስ ይከብዳል። ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን እያጥለቀለቁ ወደ ጣና ይገባሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ይኸው ውሃ የሚተኛበት መሬት በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ካስተዋወቁ ወዲህ የታወቀ የሩዝ አገር ሆኗል። ድሬዳዋን የወለደው፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ እስከ ዛሬ ፎገራን አልረገጠም። የሜዳው ሐዲድ ቻይናውያን የሠሩት፣ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ነው።

ይህን ለውጥ በአዝመራ ውዳሴ ብቻ የሚገልጽ ግጥም የነገሩን ግማሽ ይሸሽጋል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ በሩዝ ማሳ እየተያዘ ጠብቧል፤ ከብት አርቢውና ሩዝ ዘሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ከላይኛው ማሳ በቦይ የተሸኘው ውሃ የታችኛውን ጎረቤት ደጃፍ ያንኳኳል። ለተውኔት ከዚህ የበለጠ ግጭት ከወዴት ይመጣል? እዚህ ላይ ክፉና ደግ አልተለዩም፤ ሁለት እውነቶች ተፋጠዋል።

እንግዲህ ከደራስያንና ከተዋንያን የሚጠበቀው ንጉሡን ከመድረክ ማውረድ ሳይሆን፣ ዶማና ጠፍር የያዘውን ሰው ከጎኑ ማቆም ነው። መድፉ መቅደላ ላይ ቀርቷል፤ ቦዩ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር በደለል ይደፈናል፣ እንደገናም ይጠረጋል። ይህን ድካም የማያውቅ ድርሰት የዚያን ሕዝብ ሕይወት ገልጧል ለማለት ያስቸግራል።