ሳይፈቱ መፈለግ

የነዳጅ መስመሩ ታድሶ በማግስቱ የሚታመም የጀልባ ሞተር ክፉ እንቆቅልሽ ነው። ካርቡራተሩ ታጥቧል፤ የፖምፓው ስስ ጎማ ተቀይሯል፤ ፊልትሮው ጸድቷል፤ ቱቦው አዲስ ነው። ባለጀልባው ሒሳቡን ከፍሎ ሐይቁ ላይ ሲወጣ ግን ሞተሩ እየታነቀ ይጠፋል። ያኔ ሁለት መንገድ ቀሎ ይታያል። አንደኛው «ነዳጁማ ተሠርቷል፤ ችግሩ ከሌላ ነው» ብሎ ካንዴላና ኮይል መግዛት ነው። ሁለተኛው «የሠራው ሰው አበላሽቶታል» ብሎ የታሰረውን ሁሉ ዳግም መፍታት ነው። ሁለቱም ኪስ ያራቁታሉ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ብልሽት ላይ ሌላ ይደርባሉ።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ከሁለቱም የራቀ እጅ አይቻለሁ። የጀልባ ነጂዎቹ «ጋሼ» የሚሏቸው ጠና ያሉ መካኒክ ናቸው። የቀረበላቸው ሞተር ባለ40 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው ባለሁለት ምት ያማሃ ነው፤ ከጀልባዋ ኋላ ተንጠልጥሎ ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ፣ አንዳንዴም ራቅ ወዳለው ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ናርጋ ሥላሴ ያደርሳል። የታደሰው ሌላ ቦታ ነው። ጋሼ ስለ ሠራው ሰው ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ካቻቢቴም አላነሱም። ጠየቁ።

«መቼ ነው የሚጠፋው?»

«ሲነሳስ እንደ አዲስ ነው፣ ጋሼ። ሚኒሞ ላይም ደህና ይሠራል። ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው ነው የሚያስቸግረኝ።»

«እንደሰጠኸው ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ?»

«ትንሽ ይሮጣል። ከዚያ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ይንተባተባል፣ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቼ ሳስነሳው ደግሞ ይነሳል።»

«ትንሽ ስትል ስንት ነው? አሁን ከምትቆምበት ሳትርቅ ነው ወይስ ከተማው ከዓይንህ ሲጠፋ?»

ወጣቱ ጀልባ ነጂ አሰበ። «አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው።»

ከዚያ ቀን ሥራ ሁሉ እኔ የማስቀድመው ይህችን ጥያቄ ነው። ባለሁለት ምት የሆነ የ40 ፈረስ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ሊትር ቤንዚን ይጨርሳል፤ በሰከንድ ሲሰላ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ተኩል መሆኑ ነው። ካርቡራተሩ ሥር ያለችው ማጠራቀሚያ የምትይዘው ደግሞ ከአንድ ስኒ ብዙም አይበልጥም። ነዳጁ ፈጽሞ ቢቋረጥ ኖሮ ሞተሩ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በጠፋ ነበር። አንድ ደቂቃ ተኩል ከቆየ ነዳጅ እየደረሰው ነው፤ የሚደርሰው ግን ከሚያቃጥለው ጥቂት ያንሳል። ማጠራቀሚያዋ ቀስ በቀስ ትጎድላለች፤ ሚኒሞ ላይ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ተመልሳ ትሞላለች። የብልጭታ ችግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሞተርን ድንገት ይቆርጠዋል እንጂ እንዲህ እያደከመ አይወስደውም። ስለዚህ የሚፈለገው የተዘጋ ነገር ሳይሆን የሚያጎድል ነገር ነው። አንድ ብሎን ሳይፈታ የፍለጋው ሜዳ ከግማሽ በላይ ጠበበ።

ቀጥለው ያዩት ሁሉ ሳንቲም የማያስወጣ ነው። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ብሎን ተከፍታለች? ተዘግታ ቢሆን ቤንዚኑ በተሳበ ቁጥር ታንኩ ውስጥ ባዶነት እየተፈጠረ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል፤ ምልክቱም ከዚህኛው ጋር አንድ ነው። ተከፍታለች። ከታንኩ ሥር ጥቂት ቤንዚን በጠራ ጠርሙስ ቀድተው ወደ ብርሃን አነሱት፤ ውኃ ቢኖርበት ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ንጹሕ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የሚተፋውን የማቀዝቀዣ ውኃም አዩ። እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሥሩ የውኃ መሳቢያውን ደፍኖ ሞተር የሚያግልበት ጊዜ አለ፤ የጋለ ሞተርም ጉልበቱ ይወርዳል። ውኃው ሳይቆራረጥ ይፈስሳል።

ከዚያ ጀልባዋ ከመዳረሻው ምሰሶ ጋር በገመድ ጠበቅ ተደርጋ ታሰረች። ሞተርን ማርሽ ሳያስገቡ ቢያስጮኹት ይህን ሕመም አያሳይም፤ ቤንዚን በብዛት የሚጠጣው ሸክም ሲኖርበት ነው። ልጁ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ሰጠ። ጋሼ የተቀመጡት ሞተሩ ዘንድ ሳይሆን ታንኩ አጠገብ ነበር፤ ግራ እጃቸው ከታንክ ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦ መሐል ባለችው የእጅ ፖምፓ ላይ ዐርፏል። ይህች የጎማ ፖምፓ የተሠራችው ሞተር ከመነሳቱ በፊት መስመሩን በቤንዚን ለመሙላት ነው። እሳቸው ግን ይመረምሩባታል። ሞተሩ እየሠራ ከተጨማደደች ከሷ ወደ ታንኩ በኩል የተደፈነ ነገር አለ። ሞተሩ ነዳጅ እየተራበ እሷ ጠንክራ ከቀረች መዘጋቱ ከሷ ወዲያ ነው። ቢጨምቋት ቢጨምቋት የማትጠነክር ከሆነ ቫልቮቿ ደክመዋል ወይም አየር እየገባ ነው። ይህችኛዋ ሲሞሏት ጠንክራ ነበር፤ ሞተሩ ሲሮጥ ደግሞ ቅርጿን ሳትለቅ ለስለስ ብላ ቆየች።

ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር ጨመቋት። ድምፁ ተመለሰ። ተዉአት፤ ወረደ። ጨመቁ፤ ተመለሰ። ወዲያው ነዳጁን እንዲቀንስ ለልጁ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ይህ ጥድፊያ ፍርሃት አይደለም። ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ ቤንዚን ሲያንሰው ቅባትም ያንሰዋል፤ በዚያ ሁኔታ በሙሉ ኃይል ማሮጥ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ሊያጣብቀው ይችላል። ሁለት ጊዜ መጨመቅ ለመልሱ በቂ ስለነበር ሦስተኛ አልጨመሩም።

አሁን ጉድለቱ ከነዳጅ አቅርቦቱ መሆኑ ታወቀ፤ የት እንደሆነ ገና ነው። የልጁን ታንክና ቱቦ ከነእጅ ፖምፓው ነቅለው የራሳቸውን ሰኩ። ሌላ ምንም አልነኩም። ሞተሩ በዚያው ልክ ሮጦ በዚያው ልክ ደከመ። ስለዚህ ታንኩም ነጻ፣ አዲሱ ቱቦም ነጻ። የቀረው ከሞተሩ መሰኪያ እስከ ፖምፓው ያለው አጭር መንገድ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው ፖምፓውን ይፈታል። አዲስ ጎማ የገባለት እሱ ስለሆነ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሼ ግን ከመፍታታቸው በፊት ፖምፓው እንዴት እንደሚሠራ ያስባሉ። ይህ ፖምፓ በኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ስሱን ጎማ እያወዛወዘ ቤንዚን ይስባል። ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ ከታንክ እስከ ፖምፓ ባለው መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። በዚያ መንገድ ላይ ሽንቁር ካለ ቤንዚን አይንጠባጠብም፤ አየር ነው የሚገባው። በተሰነጠቀ ሸምበቆ ውኃ ለመምጠጥ የሞከረ ልጅ ይህን ያውቀዋል። የነዳጅ ብልሽት ፈላጊ በልማድ እርጥበት በዓይኑ፣ ሽታ በአፍንጫው ይፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ብልሽት ሁለቱንም አይሰጥም። በእጅ ፖምፓ ግፊት ቢሰጡት እንኳ የምታመልጥ ጠብታ ብትኖር ሳትታይ ትተናለች። (በትልልቆቹ የናፍጣ ጀልባዎች ነገሩ ይብሳል፤ ፊልትሮ ተቀይሮ አየሩ ካልተለቀቀ ፖምፓው የገባውን አየር ሲጨምቅ ይውላል እንጂ ናፍጣ አይረጭም፣ ሞተሩም አይነሳም።)

ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ አወጡ። መጀመሪያ በመሰኪያውና በፊልትሮው መካከል አስገቡት። ሞተሩ በሸክም ሲሮጥ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ቤንዚን የጠራ ነው። ነቅለው በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል አደረጉት። ሞተሩ እንደገና ሮጠ፤ ደቃቅ አረፋዎች ተከታትለው ወደ ፖምፓው ሲገቡ ታዩ። ነዳጅ ሲጨመር በዙ፤ ሲቀነስ ሳሱ። ከፊልትሮው በፊት አየር የለም፤ ከፊልትሮው በኋላ አለ። ፖምፓው ሳይከፈት ነጻ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ነው እጃቸው አንድ ነገር ለመፍታት የተዘረጋው። የፊልትሮው ጽዋ በጣት ተፈታች። አፏን የምታሽገው ቀጭን ኦሪንግ አንድ ጎኗ ተጨፍልቆ ጠፍጥፏል።

«አየኸው? ከቦይዋ ወጥታ ነው የታሰረችው። ደረቋን ስለገባች ሲያጠብቋት ተጠማዘዘች።»

አዲሷን ያስገቡበት መንገድ ከምርመራው አያንስም። ቦዩን ክር በማይለቅ ጨርቅ ጠረጉ። ኦሪንጓን በሁለት ጣታቸው መካከል ዙሪያዋን እያንከባለሉ ጭረት ፈለጉባት፤ በዓይን የማይታይ ጭረት በጣት ይገኛል። የሞተር ዘይት በስሱ ቀቧት፣ ከቦዩ አስቀመጧት። ጽዋዋን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዞሩ፤ ጥርሱ ከጥርስ ጋር ሲገጥም ጠቅ የሚል ስሜት አለ፣ እሱን ጠብቀው ከዚያ ወደፊት አዞሩ። ያጠበቁት በእጃቸው ብቻ ነው። ፒንሳ የለም፣ ሲሊኮን የለም። ተራው ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይፈራርሳል፤ ቁራጩም ሄዶ የሚቀረቀረው ቤንዚን በሚያልፍባት የካርቡራተሩ ጠባብ ቀዳዳ፣ ጄት ላይ ነው። ዛሬ የተደፈነች ሽንቁር ከወር በኋላ ሌላ ሕመም ሆና ትመለሳለች።

የሚያሳየው ቱቦ እንደተሰካ ሞተሩን አስነሱ። ሙሉ ነዳጅ፤ አረፋ የለም፤ አንድ ደቂቃ ተኩል አለፈ፤ ብዙ አለፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይታጠባል። ጋሼ ግን ነዳጁን አስቀንሰው ጽዋዋን በትንሹ አላሏት፤ አረፋው መጣ። አጠበቋት፤ ጠፋ። ሞተሩ የዳነው በዚህች ቦታ ምክንያት እንጂ በነካኩት ሌላ ነገር እንዳልሆነ ያረጋገጡት እንዲህ ነው። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ለኦሪንጓ ዋጋ ብቻ ከፍሎ መሄዱ ያናድደኛል። በእኛ ዘንድ ሒሳብ የሚጠየቀው ለዕቃው ነው፤ ሌላ ሰው ሦስት ዕቃ አስገዝቶ ሊስተው ይችል የነበረውን በአንዲት ኦሪንግ ለጨረሰ አእምሮ የሚከፈል የለም።

አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር። ጀልባዋን አስፈትተው ልጁ ሐይቁ ላይ በሙሉ ኃይል እንዲነዳት፣ ከዚያ ሚኒሞ ላይ ሳያቆይ በዚያው ፍጥነት እንዳለ ሞተሩን እንዲያጠፋ አዘዙት። ሁለቱን ካንዴላዎች ፈትተው ጎን ለጎን መዳፋቸው ላይ አኖሩ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለባሕር ዳርቻ የተመጠነ ጄት እዚህ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ጠቁሮ ረጥቦ ይወጣል። ጄትን በሽቦ የወጋ እጅ ደግሞ ይህንኑ ያባብሳል፤ የቀዳዳዋ ስፋት ከጎን ወደ ጎን በ5 በመቶ ቢጨምር የሚያልፈው ቤንዚን በ10 በመቶ ገደማ ይበዛል። ነጭ የሆነ ካንዴላ በተቃራኒው ቤንዚን ያንሰዋል። እነዚህ ሁለቱ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም። ጄቱ ለዚህ ከፍታ ተመርጦ የገባ ነው፤ ሽቦም አልነካውም።

«ካርቡራተሩን ያጠበው ሰው ደህና አድርጎ ነው የሠራው» አሉት ልጁን። «ስታገኘው ይህን ንገረው፤ ስለ ኦሪንጓም ንገረው። አንተ ደግሞ ለጥምቀት ሰው ከመጫንህ በፊት የዚህን መሰኪያ ጎማ ቀይር፤ ገና ደህና ነው፣ ግን መድረቅ ጀምሯል።»

ካርቡራተሩ አልተከፈተም።