ጭራሮና ጥለት

የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ነኝና የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚዎች አውቃቸዋለሁ። ጎንበስ ብለው ስለሚወርዱ ከፊታቸው ይልቅ የማስታውሰው እግራቸውን ነው።

ታዲያ ሰሞኑን አንዲት የፋሽን ዲዛይን ምሩቅ የመጀመሪያ ሥራዎቿን በእነሱ መነሻነት ለመድረክ ስታበቃ ሮጬ ሄድኩ። እውነት ለመናገር እጇ ግሩም ነው። የሽሮ ሜዳን ጥለት ከቀሚሱ ጫፍ አንስታ ትከሻ ላይ፣ ልክ ገመዱ በሚከረክርበት ቦታ ማዋሏ «ይቺ ልጅ አስባበታለች» ያሰኛል።

መጨረሻ ላይ ግን ሞዴሏ ጥቂት ጭራሮ በወርቃማ ሪባን አስራ፣ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ ብቅ አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ኧረ ለመሆኑ ወገብ የሚሰብር ሸክም መቼ ነው ጌጥ የሆነው?

ይበልጥ የቆጨኝ ሌላ ነው። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እዚያው እንጦጦ ሥር ግን ማገዶ መሸከሙን ትተው በማኅበር የተደራጁ ሴቶች፣ ራሳቸው ሸማኔ ሆነው ሻርፕ እየሠሩ መሸጥ ችለዋል። ልጅቷ ታሪካቸውን ወሰደች፤ ጨርቁን ግን ከሌላ ገዛች።

ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 «ለምለም»ን ስታቋቁም መነሻዋ ገበያ ያጡ ሸማኔዎች ነበሩ። መጀመሪያ ሸማኔው፣ ከዚያ መድረኩ ማለት ነው።

ለትከሻው ጥለት ያሰበች ልጅ ይሄ አይጠፋትም። ቀጣዩን ቀሚስ ከእነሱ ሸማ ትቅደደውና እነሱንም ፊት ወንበር ላይ ታስቀምጣቸው። ያን ቀን ጭብጨባውን የምጀምረው እኔ ነኝ።